ቦንዳ ውስጥ የከተትኳት ታክሲ

ለምወድሽ እህቴ ሩሀማ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጉሮሮሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስልሻል? የድሬዳዋ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አድርጓችኋል? እትዬ በለጥሻቸው ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ጋሽ ሀብተ ወልድስ ደህና ናቸው፣ ሱቁስ እንዴት ይዟቸዋል? እኔ ተመስገን በአካል ደህና ነኝ። ነገር ግን ካለፈው ወር ጀምሮ ስምሽ በተነሳ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ለምን አልደወልክም ትይኝ ይሆናል። ስደውል እዋሻለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ደስ የሚያሰኘው ወሬ ቀድሞ ከአፌ ይወጣል፣ እውነቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን የሰረዝኩት እንኳ ይታይሻል።

ለኮምፒውተር ጌም የሠራሻትን ታክሲ የላክሽልኝ ቀን ያልሽኝን አንድም ቃል አልረሳሁም። ለብቻዋ ስጣት፣ ሰው ጌም ላይ ከሚጨምረው ከሌላ ሞድ ጋር አትቀላቅላት፣ አጠቃቀሙን የጻፍኩበት ፋይል ከእሷ አይለይ ብለሽኝ ነበር። እሺ ብዬሽ ለአንድ ወር ያህል እንዳልሽው አደረግኩ። ሰማያዊና ነጯ ሚኒባስሽ የፈረንጆቹ የመኪና ጌም ውስጥ ገብታ፣ ረዳቱ «አማኑኤል! አማኑኤል! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ለሰው ጌም የምንጭንበት ሱቃችን በሳቅ ይሞላ ነበር። ሲኒማ ራስ ቆመሽ በስልክሽ ስትቀጂው አብሬሽ ስለነበርኩ ድምፁን ለሰው ሁሉ በኩራት አሰማ ነበር። ሱቁን አብሮኝ የሚሠራው ዳኒማ ስንቴ እንዳስደገመው።

ከዚያ የለመደብኝ መጣ። መቼም ታውቂያለሽ፣ ኮምፒውተር ሳልነካ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ሰልባጅ ተራ የልብስ ቦንዳ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚያ ቦንዳ እንደታሰረ ነው የሚሸጠው። ገዢው ውስጡ ምን እንዳለ የሚያየው ቤቱ ወስዶ ሲፈታው ነው፣ ሻጩም እንደዚያው። ታክሲሽን ፈልጎ የመጣው ሰው ሁሉ ሌላስ ምን አለ እያለ ሲያስቸግረኝ፣ ከየቦታው የለቀምኩትን ሠላሳ ሰባት ሞድ፣ መኪናውን፣ ልብሱን፣ መንገዱን፣ ዘፈኑን፣ ከታክሲሽ ጋር አንድ ላይ አሰርኩትና «ቦንዳ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ባንድ ዳውንሎድ ሁሉም እንዲወርድ ብዬ ኢንተርኔት ላይም ጫንኩት። ግማሹን ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። የጻፍሽውን ፋይል ቦታ ያጣበበ መስሎኝ አጠፋሁት። የመክፈቻ ሥዕልሽን ግን፣ ያችን የኋላ መስታወቷ ላይ «ሩሀማ ሠራችው» የሚል የተለጠፈባትን ታክሲ፣ ስለምታምር ተውኳት። እንዲህ አድርጌ የማታውቂያቸውን ሰዎች ሥራ ሁሉ በስምሽ አወጣሁት።

ችግሩ ወዲያው ነው የታየው፣ ላለማየት ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ታክሲሽን ብቻ የፈለገ ሰው ኮተቱን ሁሉ ማውረድ ግድ ሆነበት። አማኑኤል ጋ ኢንተርኔት ቤት ያላት ማሚቱ፣ አንድ ደንበኛዋ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቅ ውሎ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄዶበት ከዜሮ እንደጀመረ ነግራኝ በሳቅ አለፍኩት። ጌማችን ደረቀ ብለው ሲመጡ ከሠላሳ ስምንቱ የትኛው እንዳበላሸው እኔም አላውቅም። ሁሉንም አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት እላለሁ፣ እነሱም ስንት ቀን የደከሙበትን ጨዋታ ያጣሉ። ኅዳር ላይ ፍሬኗን አስተካክለሽ የላክሽልኝን እንኳ አላስገባሁትም። ለማስገባት ቦንዳውን ፈትቶ እንደገና ማሰር ነበረብኛ! ነገ እያልኩ ቆየሁ፣ ታክሲሽም በየቤቱ ቁልቁለት ላይ አልቆም እያለች ስምሽን ይዛ ስትጋጭ ከረመች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መኪና መንዳት የሚያስተምሩት ጋሽ ሙነወር ታክሲሽን ዘመድ ቤት አይተው እንደወደዷት ነግሬሽ ነበር። ተማሪዎቻቸው መንገድ ከመውጣታቸው በፊት አብረሽ የሠራሽውን ዜብራና የትራፊክ መብራት በእሷ እንዲለማመዱ ፈልገው፣ ሠሪዋንም ሊያሠሯት አስበው ሱቃችን መጡ። እኔ ሞኙ ከጠየቁኝ በላይ ሰጠሁ ብዬ ቦንዳውን በፍላሽ ሞልቼ ሸኘኋቸው።

እሳቸውም ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው በትልቁ ስክሪን ከፈቱት። መጀመሪያ ስምሽ ወጣ። ቀጥሎ ታክሲዋ ተነሳች፣ ዜብራው ግን የለም፣ ሌላ የመንገድ ሞድ ውጦታል። በእሱ ፈንታ እርቃናቸውን የቀሩ ሴቶች ከየጥጉ ወደ መኪናዋ ሮጡ። ሬዲዮው አፍ የማይደፍረውን ስድብ ይዘፍናል። በመጨረሻም የመክፈቻው ሥዕል ተመልሶ መጣና፣ እዚያው ስምሽ ላይ ደረቀ። ሴት ተማሪዎች ነበሩ ሩሀማ፣ ፊታቸውን ሸፍነው ወጡ አሉኝ።

ጋሽ ሙነወር በማግስቱ ሱቃችን መጥተው፣ ይህች ሩሀማ የምትባለው ማን ናት፣ የማን ቤት ነው ያሳደጋት ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ደንበኞች ቆመዋል። ዓይኔን በጨው አጥቤ አላውቃትም አልኳቸው። ከኢንተርኔት የወረደ ነው፣ ማን እንደሆነች እንጃ አልኩ። አንድ ጡት የጠባሁ እህቴን! ዳኒ ቀና ብሎ አየኝና ምንም ያልነካውን ኪቦርድ መወልወል ጀመረ።

ይህም አልበቃኝም። በዚያው ሳምንት ደውለሽ ሰውየው መጡ ወይ ስትይኝ፣ ሐሳባቸውን ቀየሩ መሰለኝ አልኩሽ። ከዚያ እንግዲያው የሚረባ ነገር አልሠራሁም ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩን ለትንሿ ሶፊ ሰጥቼ ጋሽ ሀብተ ወልድ ሱቅ ልግባ አልሽኝ። እኔ ደግሞ አይዞሽ ብዬ አጽናናሁሽ። ከሁሉም እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፣ በገዛ እጄ ጥዬሽ አይዞሽ ማለቴ።

ባለፈው ማክሰኞ ማሰልጠኛቸው ሄድኩ። ዳኒ የመጀመሪያውን ኮፒ ከነጽሑፍሽ አስቀምጦት ስለነበር፣ ያስተካከልሽውን ፍሬን ጨምሬ ታክሲሽን ብቻዋን ይዤ ገባሁ። ያው ክፍል፣ ያው ሰዎች። ሩሀማ እህቴ ናት፣ ያያችሁት ብልግና የእሷ አይደለም፣ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፣ አላውቃትም ያልኩትም ውሸቴን ነው አልኩ። ጋሽ ሙነወር ወንበሩን አሳዩኝና ንዳ አሉኝ። እግረኛ ቆሞ እያለ ዜብራውን ጥሼ አለፍኩ። «እግረኛ ይቅደም» የሚለው ጽሑፍሽ ስክሪኑን ሞላው፣ ተማሪዎቹም ሳቁብኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በሦስተኛው ቆምኩ፣ ታክሲሽም ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ራሳቸው ተቀምጠው ብዙ ነዷት። ሲነሱ ንጹሕ ሥራ ነው፣ ልጅቷን እኔ ራሴ አነጋግራታለሁ፣ አንተ ግን መሀል እንዳትገባ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስልካቸውን የወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፌልሻለሁ። ውጤቱን አላውቅም፣ ግን እሳቸውን ሳታነጋግሪ ኮምፒውተሩን ለማንም እንዳትሰጪ።

ቦንዳውን ከሱቅም ከኢንተርኔትም አንስቻለሁ። ግን ሰው ከሰው ኮፒ አድርጎታል፣ ተመልሶ አይሰበሰብም። ድሬ ደርሶ ካየሽው አትደንግጪ። በራችን ላይ «ሩሀማ የሠራችው ታክሲዋን ብቻ ነው፣ ሌላውን የከመርኩት እኔ ጥጋቡ ነኝ» ብዬ ለጥፌያለሁ። አላፊ አግዳሚው እያነበበ ይስቃል፣ ይሳቅ። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ሲሆንልሽ ጻፊልኝ፣ ስድብም ቢሆን አነበዋለሁ።

እትዬ በለጥሻቸውን ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ በይልኝ። ለጋሽ ሀብተ ወልድ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺ፣ ሠራተኛ አሳጣኋቸው መሰለኝና ይቅር ይበሉኝ። ሶፊን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ኮምፒውተሩ ቢቀርባት እንዳታለቅስ ሌላ ነገር እልክላታለሁ። ግቢያችሁ ላሉት ለእናት ወሰንየለሽም ሰላምታዬ ይድረስ። ዳኒ ደግሞ የረዳቱን ድምፅ አሁንም እያስደገመ ነው፣ ሰላም ብሎሻል።

የሩሀማ ወንድም፣
ጥጋቡ

መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ
የካቲት 19 ቀን 2005 ዓ.ም.