ሃይድሮጂን የምታሰላዋ ልጅዎ

ለተከበሩ የባለቤቴ እናት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎስ ሻል አለዎት? የባለቤቴ ታላቅ እህት ልጆችስ እንዴት ናቸው? ከእኔ እጅ ወረቀት መቀበል እንደማይወዱ አውቃለሁ። ቢሆንም ሳይጥሉት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

«ያንን በያጅ ካገባሽ ደጄን እንዳትረግጪ» ካሏት ወዲህ ስለ ልጅዎ ሥራ የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝም። ከአልኮልና ከውሃ እንፋሎት ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ሲነድ ጭስ የለውም። ልጅዎ፣ እኔ ጋዙ የሚወጣበትን ምድጃ ከመበየዴ በፊት፣ ነገሩ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚሆን፣ ምን ያህል ጋዝ እንደሚሰጥ፣ መቼ ደግሞ ጥላሸት ብቻ እንደሚያስታቅፈን በስሌት ትነግረናለች። አብረን የምንሠራበት ላቦራቶሪ ሰዎች «ጠንቋይዋ» ነው የሚሏት።

አሁን ግን ልጅዎ በጠና ታማለች። በቀደም ሐኪሙ ዘንድ አብረን ገባን። ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድባት አቋረጠችውና፣ «ዶክተር፣ ይሆናል ወይስ አይሆንም? እሱን ብቻ ንገረኝ» አለችው። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እንደማይሆን፣ እንደማትድን ነገራት። መቼ ብዬ ልጠይቅ ስል እጄን ያዝ አደረገችኝ። ታክሲ ውስጥ፣ የእኛም ስሌት ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል እንጂ መቼ እንደሚደርስ አይናገርም አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

ሥራዋን ግን አልተወችም። ትራስ ደራርቤ ከጀርባዋ አደርግላታለሁ፤ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ እይዝላታለሁ። እንፋሎቱ ሲበዛ ጥላሸቱ እንደሚጠፋ ያገኘች ቀን እንደ ልጅ ሳቀች። ለማን ልደውልና ላብስር ብላት፣ «እማዬ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ አላነሳችዎትም። ብቻ በር በተንኳኳ ቁጥር ከትራሷ ቀና ትላለች። ጎረቤት መሆኑን ስታይ ተመልሳ ትተኛለች።

እንዳልጽፍልዎት ከልክላኛለች። ይህን የምጽፈው ወርክሾፕ ቁጭ ብዬ ነው።

እባክዎ ይምጡላት። ክረምቱ ይውጣ አይበሉ፤ በዚህ ሳምንት ይሁን። ጠጉሯን ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ የላጨኋት እኔ ነኝ። በጣም ከስታለች፤ ሲያቅፏት ቀስ ብለው ይሁን። እኔን ማየት ከከበደዎት ቁልፉን ጎረቤት ትቼ እወጣለሁ፤ አልጋው ለሁለታችሁ ይበቃል። ቢቆጡኝም፣ ቢረግሙኝም ችዬ እቀበላለሁ። ብቻ እሷ ዓይኗን ገልጣ ሳለች ይድረሱልኝ።

አምላክ መንገዱን ያቅናልዎ፤ ለጉልበትዎም ብርታት ይስጥዎት።

የልጅዎ ባል