ሱስን ትቶ ለመጣ ብቻ የሚከፈት በር

ለተከበሩ የሱስ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? የእኛን ቤት እንቅልፍ የጠየቀ ስለሌለ፣ እኔ የሰውን ሁሉ እየጠየቅሁ እውላለሁ። ሰፈሩ «ቀልማዳው» የሚለኝ፣ የጸጉር አስተካካዩ ታናሽ ወንድም ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለተውኩት ፊደል ገድፌ ካገኙ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ፤ ከእኛ ነገር አንዱን እንኳ አስተካከሉ ይባልልዎታል።

ወንድሜ ለወገቡ በታዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጀመረ። ሕመሙ ለቀቀው፣ ክኒኑ ግን አልለቅ አለው። እናንተ ዘንድ የመጣነው በዚህ ምክንያት ነውና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፖስተሩ። ከወንድሜ ጸጉር ቤት ፊት ለፊት «ሱስ ይገድላል» ብላችሁ የራስ ቅል ለጥፋችኋል። ጥርሱ እንዴት ያማረ ነው። ደንበኛ በጠፋ ቁጥር ወንድሜ በመስታወቱ ውስጥ ሲያየው ይውላል። እንደሚገድልማ እናውቃለን፤ ያጣነው ወዴት እንደሚኬድ ነው። ከሥሩ ወዳለው ስልክ ብደውል የቀለም መደብር ሆነ። ያነሳችው ሴትዮ፣ ልጄ እዚህ የሚሸጠው ቀለም ነው፣ ለመሆኑ ለማን ነው፣ ለወንድምህ ነው እንዴ፣ ውይ በሞትኩት፣ ብላ አብራኝ ተከዘች። በእናንተ ስልክ ቁጥር እስካሁን ያገኘነው ሐዘኔታ የእሷ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ዘበኛዎ። «የሱስ ሰዎች በግራ» እያለ ሲጠራ መንገድ ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር ይሰማል። በቀኝ በኩል፣ የጥርስ ታካሚዎች ሰልፍ ላይ፣ ወንድሜ ጢሙን የሚላጭለት ሰውዬ ቆሞ ነበር። አንተም እዚህ ነህ እንዴ ሲለው፣ ወንድሜ የሚገባበት ቀዳዳ አጥቶ ታናሼን ላሳክም ነው አለ። እኔም ወንድሜን ላለማዋረድ ወዲያው ተንገዳገድኩ፤ ምራቅም ጨመርኩበት። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ፣ ድሮም ይሄ ልጅ፣ ብሎ አዘነልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ሲሰጠኝ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

ሦስተኛውና የማልረሳው ውለታዎ መመሪያው ነው። አማካሪዋ በፍጹም ትሕትና፣ ሁለት ሳምንት ምንም ሳይወስድ ቆይቶ ሽንቱ ንጹሕ ሲሆን ይምጣ፣ አሉን። ቤታችን ተቃጠለ ብለን እሳት አደጋ ስንጠራ፣ ሲጠፋ ደውሉልን እንደማለት ነው። ወንድሜ ግን ሰው አክባሪ ነው፤ ክኒኑን ሽንት ቤት ደፍቶ በራሱ ጊዜ ተወው። አላበው፣ አንቀጠቀጠው፣ አጥንቴን ሰው ይቆረጥመዋል አለ። ሳምንት ሳይሞላው ሰው እየላጨ ሳለ ምላጩን እንደያዘ ወደቀና ያንፈራግጠው ጀመር። ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነው ደንበኛ ጭንቅላቱ ከሴራሚኩ እንዳይጋጭ በጭኑ ደገፈው። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም፣ ይህን ዓይነቱ ክኒን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንጂ ባንዴ አይቆምም፣ ማን ነው ተው ያለው፣ ብሎ ተቆጣ። እኔ ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ፣ የሰፈር ሰው ነው አልኩት። ተመልሰን ስንመጣ ደግሞ፣ የሚወድቅ ሰው ተኝቶ ነው የሚታከመው፣ እኛ ተመላላሽ ነን፣ ተባልን። እውነትም ተመላልሰናል።

አሁን ወንድሜ ወደ ክኒኑ ተመልሷል። እንደ ድሮው ሊመረቅንበት ሳይሆን መውደቁን ፈርቶ ነው። ሐኪሙ ግን፣ ጥቂት ያረፈ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችልም፣ መጠጥ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ከተጨመረበት ትንፋሽ ቀስ እያለ ይቆማል፣ ብሎን ነበር። ስለዚህ በቀትር፣ ሬዲዮ እየተንጫጫ፣ ወንድሜ የደንበኛ መቀመጫ ላይ ሲያሸልብ፣ ማጅራት የሚያሳይበትን የእጅ መስታወት አፍንጫው ሥር እይዛለሁ። ምሳ ይዛ የመጣችው እናታችን ደፉ ላይ ቆማ፣ መግባት ፈርታ፣ ያዘ ወይ ትለኛለች። መስታወቱ ጉም እስኪይዝ ድረስ እኔ ቀልማዳው የምላት ነገር ይጠፋኛል። ያዘ እማዬ፣ ግቢ፣ እላታለሁ። አንዳንዴ ሳይይዝ ነው የምላት፤ ከዚያ ይይዛል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ክኒኑን ውጦ ነው የሚመጣው፤ እንደዚያው ሆኖ ይቀበሉት፣ ሐኪሙ እንዳለው ቀስ እያላችሁ ቀንሱለት። ዘበኛዎም ለአንድ ጠዋት ጉሮሮውን ያሳርፍ።

ጊዜዬን ሰውቼ ጊዜዎን የምሻማ፣ በግራ በኩል ባለው ሰልፍ ላይ ከታካሚው በላይ ታካሚ መስዬ የምቆም፣
የተቋምዎ አድናቂ፣
ቀልማዳው

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ካላዩን፣ ወንድሜን መምጣት አቆመ ብላችሁ በዓመቱ ሪፖርት ከዳኑት ጋር እንዳትደምሩት አደራ።