እንደ መስቀል ሰንጋ ስለደለቡት ዶሮዎቼ

ለተከበሩ አቶ ጦና
የሰፈራችን ዶሮ አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ደጅዎ ሁሉ ሰላም ይሁንልዎ። እኔና ልጆቼ ደኅና ነን። የታመሙት ዶሮዎቼ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ የክቡርነትዎ ደግነት በዝቶባቸው ነው። ማኅበራችን ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የሚስማማ ርካሽ መኖ ብሎ ስላቀረበልን ጆንያ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

አንደኛ፣ በየማለዳው ኩስ ስጠርግ አፍንጫዬን ይዤ የማላውቅ ሴት፣ የጆንያውን አፍ ስፈታ በነጠላዬ ተሸፈንሁ። ሻጋታው እንደ ድንጋይ ተጋግሯል፤ ነቀዝ ይርመሰመስበታል፤ የአይጥ ኩስ አለበት፤ ከሥሩም የላስቲክ ጫማ ቁራጭ አገኘሁ። ለዶሮ ጫማ ያሰበ ሊቀመንበር ከእርስዎ በፊት አልነበረንምና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ መኖው ለመስቀል በሬ ማድለቢያ ተዘጋጅቶ የተረፈ መሆኑን የመጋዘኑ ጠባቂ ራሱ ነግሮኛል። ዘይቱ የተጨመቀ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎና ጨው ለሰንጋ መልካም ይሆናል፤ የእኔ ዶሮዎች ግን ውሃ ሲጠጡ እየዋሉ ያስቀምጣቸዋል። ከሚጥሉት ጥቂት እንቁላል አንዱን፣ በባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ቁርስ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ትርሐስ በደንበኛ ፊት ቢሰብሩት አስኳሉ በፋጉሎው ጠንቅ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ትቶ ወጣ፤ እርሳቸውም ከእኔ መግዛት አቆሙ። ልጆቼን የማሳድረው እርሳቸው በሚከፍሉኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ አቤት ባልሁ ጊዜ ራስዎ እቤቴ ድረስ መምጣትዎን አልዘነጋሁም። አንዷን ዶሮ አንስተው፣ ገበያ ውስጥ ሰንጋ እንደሚመርጥ ሰው ጀርባዋንና ጭራዋን ጨበጥ ጨበጥ አድርገው፣ እንዲህ አምሮባት ሳለ ምን ጎደለሽ ብለው ገሠጹኝ። ክቡር ሆይ፣ በበሬ ነገር እጅዎ እንደማይሳሳት አገር ያውቃል። ነገር ግን እኔ ዶሮዎቼን ለመስቀል ቅርጫ አላቀርባቸውም። ስብ የያዘች ዶሮ እንቁላል አትጥልም። በዚያ ቀን የተሰማኝን መጸየፍ በጨዋ ቃል ልጽፈው ብሞክር አልሆነልኝም።

አራተኛ፣ በቆሎ አስፈጭቼ ከፉርሽካ፣ ከኑግ ፋጉሎና ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጋር ብደባልቅ ከእርስዎ ጆንያ ይረክስልኛል። ይሁን እንጂ የማኅበሩን መኖ ያልወሰደ አባል የፈንግል ክትባት እንዳያገኝ ደንግገዋል። ዶሮዎቼ በፈንግል ይሙቱ ወይስ በመኖው የሚለውን ምርጫ ለእኔ ስለተዉልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ናት፤ ክትባቱን ከመኖው ይለዩልኝ።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ እንዲሰጥዎ፣ ከሻጋታም እንዲጠብቅዎ እየተመኘሁ፣ ለዶሮዎቼ የሰጡትን ክብር ምንጊዜም የማልረሳ፣
ታዛዥዎ ፈጠነች

ሳልጠቅስ ያለፍሁት፦ አምስት ዶሮዎችን ከኩሽናዬ ጀርባ ለይቼ፣ ደንቡን ጥሼ የራሴን ድብልቅ እያበላሁ ነው። ሰሞኑን ባለቤትዎ ወይዘሮ ጽጌሬዳ እንቁላል ሊገዙ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከጓሮዎቹ ይሁንልኝ፣ አቶ ጦና የሌላውን አይቀምሱም አሉኝ። መርጬ ሰጥቻቸዋለሁ። ስለዚህ ከክትባቱ መዝገብ ሲሰርዙኝ፣ ቁርስዎን ከበሉ በኋላ እንዲሆን እለምናለሁ።