ሞተሩን አልመልስም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአባቴ ለመሪጌታ ባዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? የግራ ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? ለማኅሌት ሲነሱ ያን ወፍራም ጋቢ ይደርባሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ለእንግዳ ሰጡት? እናቴስ፣ ሳሉ ለቀቃት? ቡሬዋ ላምስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እጄም እግሬም ባለበት ነው። ይህን የምልዎት አያ ውዱ ለሰፈሩ ሁሉ ልጂቱ ተሰባብራለች ብለው እንዳወሩ ስለሰማሁ ነው። ግራ ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ የነካኝ የለም።

ስልኬን አላነሳ ስላሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ወንድሜ ወንድምአገኝ ቃልዎን አድርሶልኛል። ሞተሩን ለመሥሪያ ቤቱ ካልመለስሁ ደጅዎን እንዳልረግጥ ብለዋል። አባቴ፣ አልመልስም። ደጅዎንም እረግጣለሁ። ተቆጥተው ደብዳቤውን ከመቅደድዎ በፊት ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ሞተሩ የተሰጠኝ ልንሸራሸርበት አይደለም። የደምቢያ ገበሬ በሬው ሲወድቅበት ተሸክሞ ኮላ ድባ ቢሯችን ድረስ አያመጣው ነገር! መርፌውንና መድኃኒቱን ይዤ እኔ ነኝ የምሄድለት። ሞተሩን መለስሁ ማለት ቢሮ ተጎልቼ የሞተ ከብት ወሬ መስማት ነው። ለዚህ ደግሞ አላስተማሩኝም።

ያን ዕለት ከእናንተ ተሰናብቼ ስነሳ ሞተሩ ሸጋ ነበር። ከኮሶዬ በታች ቁልቁለቱን ስይዝ አንድ የጭነት ማኪና ከፊቴ ይንፏቀቃል፤ እኔም የፊት ፍሬኑን እየያዝሁ እየለቀቅሁ ከኋላው ወረድሁ። መታጠፊያው ላይ እንደገና ስይዘው እጄ ውስጥ ባዶ ሆነ። ብጨምቀው ከመሪው ጋር ተጣበቀ፣ ሞተሩ ግን ጭራሽ አልሰማኝም። ኪዳነ ምሕረት ብዬ ጮህሁ፣ ማርሽ ቀነስሁ፣ የኋላውን ፍሬን ረገጥሁ፣ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል ካለው አፈር ውስጥ ገባሁ። ክርኔም ያኔ ነው የተላጠ።

ሰው ተሰበሰበ። ሴት ምን ሞተር ላይ አወጣት የሚል አለ፣ ቦታው ክፉ ነው የሚልም አለ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሞተሩን አየዋለሁ። ትንፋሼ ሲመለስ ተነስቼ ፍሬኑን ያዝ ባደርገው እንደ ድሮው ጥንክር ብሏል! ኧረ ምን ጉድ ነው አልሁ። የተሰበረ ነገር እኮ ትንሽ ስላረፈ አይድንም። ከዚያ በኋላ በኋላው ፍሬን ብቻ እየተጎተትሁ ፀዳ ገባሁ።

መካኒኩ አንዱዓለም ያዝ ለቀቅ አድርጎ ሞከረውና ምንም የለውም፣ ደንግጠሽ ነው አለኝ። እኔ መቼ ልሰማው! ሁሉንም ካልፈታኸው ከዚህ አልነሳም ብዬ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁበት። እየሳቀ ፈታው። የፍሬኑ ሸራ አላለቀም። ቱቦው አላፈሰሰም፣ አላበጠም። የቀረው ውስጡ ያለው የፍሬን ዘይት ነው። ከእሱ ቀድቶ በጋለ ብረት ላይ ጠብ ቢያደርገው ተንጨረጨረ። አዲሱን ዘይት ጠብ ቢያደርግ ዝም ብሎ ጨሰ። ይሄኔ ሳቁን ተወና ውሃ ማን ጨመረበት ብሎ ጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው አባቴ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ይግላል። ዘይቱ ሙቀቱን ይችለዋል፣ ውሃው ግን ይፈላል። እንፋሎቱ ሲጨመቅ እሺ ብሎ ይሟሽሻል፣ የእጄ ጉልበት ጎማው ዘንድ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ፍሬኑም ምንም እንዳልሆነ ይይዛል።

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? እናንተ ዘንድ ሳለሁ የፍሬን ዘይት ልጨምርበት ክዳኑን ፈትቼ እናቴ ለምሳ ስትጠራኝ ትቼው ገባሁ። ስመለስ ሞልቶ አገኘሁት፤ ወንድምአገኝ የሞላልኝ መስሎኝ ዘጋሁት። ደውዬ ብጠይቀው እሱ አልነካም። አባባ ሞተርሽን ጠበል ሲረጩት ያችን ቀዳዳ ክፍት አገኙና ሆዱም ይባረክ ብለው ጨመሩባት አለኝ። ሳቅሁም፣ አለቀስሁም። ፊት ለፊት ሞተሩን እየረገሙ ለካ ከኋላዬ ይባርኩልኝ ኖሯል!

እንግዲህ ጥፋቱ የሴትነቴ አይደለም፣ የሞተሩም የጠበሉም አይደለም። የፈሰሰበት ቦታ ብቻ ነው። እርስዎንም አልወቅስዎትም፤ ስለወደዱኝ ነው ያደረጉት። ግን ስለፈሩልኝ ብዬ ሥራዬን አልተውም። ከበቅሎዋ ወድቀው ክንድዎ የተሰበረ ጊዜ እናቴ እያለቀሰች ስትለምንዎት ሰሟት? ክንድዎን በነጠላ አንጠልጥለው በዚያችው በቅሎ ለቅዳሴ ሄዱ እንጂ! እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ አይቼዎታለሁ። ይህችን ልጅ ማን እንዲህ ግትር አደረጋት ብለው ሰው እንዳይጠይቁ።

ዘይቱ ተደፍቶ በአዲስ ተተክቷል፤ እኔም በዚያው ቁልቁለት ወጥቼ ወርጄ ሞክሬዋለሁ። ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል እመጣለሁ፣ ያውም በሞተር። በሩን ቢዘጉብኝ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪወጣ ክላክሱን እያስጮህሁ ከደጅ እቆማለሁ።

እናቴን የትነበርሽን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ወንድምአገኝን እውነቱን ስለነገረኝ እንዳይቆጡት። እህቴን ዝማሬን ሞተር ላይ አወጣሻለሁ ያልኋት እንዳለ ነው ይበሏት። አያ ውዱንም አልሞተችም ብለው ሰላም ይበሉልኝ። በሩን ልዝጋ ሲሉም ያችን በቅሎ አይርሱብኝ።

ጠበሉን ደግሞ ይዘው ይጠብቁኝ። የሞተሩን ክዳን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼዋለሁ፤ በእኔ በራሴ ላይ ያፍስሱልኝ።

ልጅዎ ለተ ማርያም ባዬ
ፀዳ፣ ጎንደር
የካቲት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.