ቀንድ አውጣዋ አሁንም እንደተሰካች ናት

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? አንተ ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቦንጋ እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ዝናብ፣ እሱ ሲደክመው ካፊያ። የጓሮው አቦካዶ አፍርቷል። ድመትህ ወልዳለች፤ የወለደችውም ሌላ ቦታ አጥታ ሳይሆን አንተን ንቃ አልጋህ ላይ ነው።

የትኛው አልጋ አትለኝም መቼም። ያቺ አልጋና ማብሰያ በሆዷ የያዘች፣ እኔ ቀንድ አውጣ ያልኳት መኪናህ አለች አይደል፣ የእሷ አልጋ ነው። ከአቦካዶው ሥር ቆማ፣ የባትሪ መሙያ ገመዷ በጓዳው መስኮት ገብቶ እንደተሰካ ነው። ጡረታ ስትወጣ እማዬን የተወለደችበት ደካ ድረስ ልትወስድባት ነበር የገዛሃት፤ ሕመሙ ቀደመህ። እማዬ ግን ያን መንገድ ዛሬም ትጠብቃለች። ወንድምህ ጋሽ ተክሌ ደግሞ «ቆማ ከምትበሰብስ ትሸጥ» ይላል። ሞተሯ አልነሳ ያለ ቀን እሱ ረታ ማለት ነው።

ስለዚህ የባትሪ አሽከር ሆኜልሃለሁ። መብራት ሲሄድ ሮጬ እነቅላለሁ። ሲመጣም «መጀመሪያ ይርጋ» እንዳልከኝ ጠብቄ እሰካለሁ። መብራታችን መቼ ይረጋል? የእንሰት ቅጠል ራሴ ላይ ደፍቼ ስመላለስ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ «ላሟን አለብካት?» ይሉኛል። «ወተቷ አሲድ ነው፣ ላምጣልዎት?» እላቸዋለሁ። «አንተ ዱርዬ፣ ያሳድግህ!»

እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ ደክሞኛል። ዛሬስ ትቅር ብዬ ጋደም ስል፣ ውጭ ቆማ የምትስል ይመስለኛል።

የባትሪ ውሃ ከከተማው ጠፍቶ ሺሺንዳ ድረስ ልፈልግ የሄድኩ ቀን ደግሞ ጉድ ጠበቀኝ። እማዬ የሞተሩን ባትሪ ክዳኖች ከፍታ ጸበል አጠጥታዋለች! ከራስጌዋ የማይጠፋውን ጠርሙስ ጥርግ አድርጋ። «እማዬ፣ ሰይጣን መስሎሽ ኤሌክትሪኩን እንዳታስወጪው» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ላባትህም ይህንኑ ነው ያጠጣሁት» አለችኝ። እኔ፣ ልጅህ፣ ክዳኖቹን አንድ በአንድ መልሼ ገጠምኩ።

መካኒኩ ሲሰማ ራሱን ያዘ። ባትሪው ወዲያው ባይሞትም ዕድሜው ያጥራል አለ። ይህን የሰማው ጋሽ ተክሌ በሳምንቱ ገዢ ይዞ መጣ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ መኪናዋ ላይ ወጥታ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ቁጭ አለች። «ከተነሳች አትሸጥም፤ ካልተነሳች ውሰዱ» አለች።

ቁልፉን አዞርኩ። አቃሰተች። አንተ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ እንደምታቃስተው፣ ልክ እንደዚያ። ደግሜ አዞርኩ፣ ዝም። ጋሽ ተክሌ ገዢውን አየት አደረገው። ለሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ጉሮሮዋን ጠራረገችና ተነሳች! ድመቷ ግልገል በአፏ ይዛ በመስኮት ዘለለች፣ ገዢውም ጭሱን ጠጥቶ ሳል ያዘው። እማዬ «በሉ እንግዲህ፣ ደህና ግቡ» ብላ ሸኘቻቸው፤ እሷ ግን አልወረደችም። መንገዱ ጭቃ ነውና የትም አልሄድንም። ሞተሩ እየሠራ ዝናቡን አየን።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ የማባዣ ሠንጠረዡን ስንቴ ምዬ እንደረሳሁት ታውቃለህ። የባትሪዋን ውሃ ማየት ግን አልረሳም፣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥርም «የእጅ ባትሪውን ከላይ አብራልኝ» የምትለኝ አንተው ነህ። መንጃ ፈቃዱን እየተማርኩ ነው። መንገዱ ሲደርቅ እማዬን ደካ አደርሳታለሁ።

ወንበርህን ወደ ፊት አልሳብኩትም። እግሬ ፍሬኑ ላይ በጭንቅ ነው የሚደርሰው፤ ቢሆንም እንደተውከው ይሁን።

ያው ዱርዬው ልጅህ