የቧንቧ ውሃ በአዞዎቹ ኩሬ

ጥር 14፣ ማክሰኞ
ልጅ ያጡ ሴቶች የሚታጠቡበት የእናቴ ኩሬ ዛሬም ቀንሷል። ከስድስቱ አዞዎች አራት ቀሩ። ሁለቱ ወደ ወንዙ ሄደው ይሆናል... ውሃው የቀነሰው ከታች ያለው ሆቴል ጉድጓድ ካስቆፈረ ወዲህ ነው። ለማን አቤት ይባላል? ጠዋት ከባንጁል አምስት ጎብኚዎች መጡ። አንዷ ጭቃውን አይታ "ይኸው ነው?" አለች አሉ። አዎ፣ ይኸው ነው።

ጥር 22
አስጎብኚው ሳርጆ አኩርፏል።
"እማማ ንያሊንግ፣ ጭቃ ላሳይ ነው እንዴ ሰው የማመጣው? ቧንቧው ግቢዎ ውስጥ ነው። የውሃ ጎማ ወደ ኩሬው መዘርጋት ነው እንግዲህ።"
"እናቴ ምን ትል እንደነበር ታውቃለህ? ኩሬው ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።"
"እሳቸው ጎብኚ አልነበራቸውም። ጎብኚው ከቀረ ኩሬውን ማን ያስታውሰዋል?"
ሲሄድ ቧንቧውን ከፍቼ አየሁት። ይህ እሺ ማለት ነበር?

የካቲት 1፣ ዓርብ
ሰው ሁሉ መስጊድ ሳለ ጎማውን ዘረጋሁ። አዞዎቹ አልሸሹም። ጭራሽ ውሃው ወደሚፈስበት መጡ። ደስ አለኝ። ያሳፈረኝም እሱ ነው።

የካቲት 19
የእህቴ ልጅ ቲዳ ከብሪካማ መጣች። ካገባች ሰባት ዓመት፣ ልጅ የለም። ባሏ ሌላ ሚስት ሊጨምርባት ነው። ለኩሬው የሚሰጠውን የኮላ ፍሬ በነጭ ጨርቅ ቋጥራለች።
"ከዝናቡ በኋላ ብትመጪስ?"
"አክስቴ፣ እሱ እስከ ዝናቡ ይጠብቀኛል?"
የቧንቧውን ነገር ልነግራት ነበር... ፊቷን ሳይ አቃተኝ።

የካቲት 20
አጠብኳት። ኮላውን ሰብሬ ግማሹን፣ ሰው ሊቀምሰው የማይገባውን፣ ለኩሬው ወረወርኩ፣ ግማሹን ለመንደሩ ሽማግሌዎች ሰጠሁ። የእናቴን ዱዓ አንድ ቃል ሳላጎድል ደገምኩ። በራሷ ላይ ያፈሰስኩት ግን የቧንቧ ውሃ ነው፤ የተጨመረበት ክሎሪን ይሸተኛል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታለቅሳለች። አታለልኳት። የገዛ እህቴን ልጅ።

መጋቢት 11
አንድ አዞ ሞቶ አገኘሁ። ከውሃው ይሆን? ሳርጆ "ሦስቱም ይበቃሉ" አለ።

ሚያዝያ 27
ቲዳ አርግዛለች! ሁለት ወር አልፏታል። አማቷ እልል እያለች ይዛት መጣች። ቲዳ ኩሬው ዳር ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። አቀፍኳት፣ አለቀስኩ። ሁሉም የደስታ መሰላቸው።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግንቦት 3
ወሬው ደርሷል። ዛሬ ሁለት ሴቶች ከወንዙ ማዶ መጡ፤ አንዷ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። "የቲዳን ውሃ" አሉኝ።
ቧንቧ ካስረገዘ፣ እናቴ አርባ ዓመት የጠበቀችው ምን ነበር? ወይስ ቲዳ ድሮም ልታረግዝ ኖሯል? የምጠይቀው ሰው የለም። ሳርጆን? እሱ ለጎብኚዎቹ የሚናገረውን እያጠና ነው።
አጠብኳቸው። ኮላውን ሰበርኩ። የኩሬውን ድርሻ ልወረውር እጄን ካነሳሁ በኋላ መለስኩት። በላሁት።
ምንም አልሆንኩም።