የምሳ ጸሎት ለታመመ ሰው

ውድ እናቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ልቤ ቢፈጥን ኖሮ ይህ ወረቀት ሳይደርስሽ እሱ ደጅሽ በደረሰ ነበር። እንደምን ከረምሽ? እንቅልፉስ፣ የምግብ ፍላጎቱስ እንዴት ነው? አባባ አሁንም ዜና በሰማ ቁጥር ከራዲዮው ጋር ይጣላል? ቤቱም ጎረቤቱም ሰላም ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ፣ ሱሪዎቼ ይመስክሩ።

ሥራዬ ያው ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። የሁሉም ሸሚዝ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የእኔ ብቻ እንደተጨማደደ ነው።

በደወልሽ ቁጥር፣ ገና ሰላም ሳንባባል፣ ቤተ ክርስቲያን እሄድ እንደሆነ ትጠይቂኛለሽ። ከሁሉ ቀድሜ ነው የምደርሰው ስልሽ አልዋሸሁም፤ የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። በሩን እከፍታለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ ከዚያ ከኋላ ወዳለችው ክፍል ሻይ ላፈላ እገባለሁ። ሻዩ ደግሞ፣ እንጃ ምን እንደሚነካው፣ ስብከቱ ካላለቀ አይፈላም። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ስልኬን እየጎረጎርኩ እጠብቀዋለሁ። ሰዎቹ ግን ትጉህ አገልጋይ ይሉኛል። ሥራ ቦታም ምሳ ሲቀርብ ሁሉም ወደ እኔ ያያል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ያችኑ የለመድኳትን የምሳ ጸሎት በአንድ ትንፋሽ እልና ማንኪያዬን አነሳለሁ። ጸሎቴ ይህችው ብቻ ሆና እንደቀረች ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

እኛ ዘንድ የማጠቢያ መኪኖቹን የሚይዝ፣ ጋሽ ሳሙና የምንለው ሽማግሌ አለ። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ለሁላችንም ስም የሚያወጣው እሱ ሲሆን እኔን ዲያቆኑ ይለኛል። በዚህ ሰሞን ሆዱን ታመመና ቀዶ ሕክምና ታዘዘለት። ከመግባቱ በፊት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ልንጠይቀው ሄድን። ያ አፉ የማያርፍ ሰው አንሶላውን እስከ አገጩ ስቦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔን ሲያይ እጄን ያዘና እንድጸልይለት ለመነኝ። ሁሉም ቆመው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አፌም የለመደውን ጀመረ፤ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ከፊታችን የቀረበውን ባርክልን። ያዘጋጁትን እጆች ባርክ። ለሰውነታችንም ብርታት አድርግልን፤ አሜን።"

ማንም አሜን አላለም። ዓይኔን ስገልጥ ጋሽ ሳሙና ትክ ብሎ ያየኛል።

"ዲያቆኑ፣ ልትበሉኝ ነው እንዴ?" አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው አልጋው አጠገብ የነበረችው ሚስቱ ናት። ከዚያ ነርሷ መጥታ እስክትቆጣን ድረስ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ሳሙና እጄን አልለቀቀም። ቀስ ብሎ፣ "ያኛው የምሳ ነው። አሁን ደግሞ የእኔን ጸልይልኝ፤ ፈርቻለሁ" አለኝ።

እማዬ፣ ዘወትር ስሙን የምጠራውን ጌታ ለካ ካነጋገርኩት ቆይቻለሁ። በመጨረሻ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው ፈርቷል። እኔም እንዳይሞትብን ፈርቻለሁ። እባክህ" ብዬ እዚያው ቀረሁ። አሜኑን ራሱ ታማሚው አለልኝ።

ደስ ይበልሽ፣ በሰላም ወጣ። አሁን ቤቱ ተኝቶ ለሚስቱ አዲስ ስም እያወጣላት ነው። እኔ ግን ሥራ ቦታ መሳቂያ ሆኛለሁ፤ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ሳህን አቅርቡ፣ ዲያቆኑ ሊጸልይለት ነው ይላሉ። ይሳቁ፣ ይገባኛል። ለብ ያለ ካውያ ልብሱን ያሞቀዋል እንጂ የተጨማደደውን አይፈታም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ሻዩን ለሌላ ሰው ለቅቄ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ። ታዲያ ቅዱስ ሆነ ብለሽ ለጎረቤት እንዳታወሪ፤ ባለፈው እሑድ ስብከቱ መሃል አንቀላፍቼ አጠገቤ ያለው ሰው በክርኑ ጎሸመኝ።

ለአባባ ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ራዲዮውንም ይማርልኝ። እህቴን ከነባሏ ሰላም በያቸው። ትንሹ ወንድሜ ጃኬቴን እንደሚለብሰው ሰምቻለሁ፣ ፈቅጄለታለሁ፣ ግን እያጠበ ይልበሰው። የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን ደህንነትም ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወገብሽን ሲያምሽ እጸልይልሻለሁ እያልኩ ስልኩን እዘጋው ነበር፤ ከዘጋሁት በኋላ ግን ትዝም አይለኝ። ዛሬ ጠዋት ጸለይኩልሽ። እንግዲህ ወገብሽ እንዴት እንደሆነ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ደህና ነኝ ብለሽ ብቻ አትለፊኝ። ለወጉ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ለምኜልሻለሁና መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ልጅሽ፣
ከልብስ ማጠቢያው ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ 12 ቀን